ቁራጭ ክር

ተድላ መሞቱን ሰበታ በሙሉ ሲያውቅ ያላወቀችው እናቱ ብቻ ነበረች። በክፋት አልነበረም። እኛ ሰፈር ትልልቁ ጥፋት ሁሉ የሚሠራው በደግ ሰዎች ምክር ነው፤ ያውም ቁጭ ብለው፣ ተመካክረው፣ በጸሎት ዘግተው።

እናቱ ወርቅውሃ ጎረቤቴ ናት። በመካከላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ስስ ስለነበረ ስታስነጥስ "ይማርሽ" የምላት ቤቴ ተቀምጬ ነው። ከቡልጋ በልጅነቷ ተድራ መጥታ ባሏ አንድ ልጅ ትቶላት ሞተ። ሌላ ሴት ብትሆን ጠላ ትሸጣለች፤ እሷ የያዘችው ሥራ ግን ጉንጉን ነበር። ስንደዶውን ውኃ ነክራ ታለዝበዋለች፣ በክቡ ትጠቀልለዋለች፣ በወስፌ ሰፍታ ታጠብቀዋለች። ከዚያ በላዩ የሱፍ ክር ትጠመጥምና ከዚያው ከክሩ አበባ እየቋጠረች ዙሪያውን ትተክልበታለች። እኔ "ሞሰብ መስፋት ሰልችቷት መሐል ላይ የተወችው" እያልኩ አበሽቃት ነበር።

"ያንቺ አደይ አበባ በሳምንቱ ይጠወልጋል፤" ትለኝ ነበር እሷም። "የኔ ከርሞም አለ።"

እውነቷን ነው። ለእንቁጣጣሽ ቢጫውን፣ ለገና ነጭና ቀዩን፣ ለቡሄ የችቦ እሳት የሚመስለውን ትሠራለች። ለፋሲካ ደግሞ ቅዳም ሥዑር ቄሶቹ የሚያድሉትን ቀጤማ የመሰለ አረንጓዴ። ሰዉ ገዝቶ በሩ ላይ ይሰቅላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ "ዛሬ ምን በዓል ነው?" ብሎ አይጠይቅም፤ በራችንን ያያል።

ለሞተም ትሠራለች። ዕድራችን ድንኳን ሲተክል ከፊተኛው ምሰሶ ላይ የሷ ጉንጉን ይሰቀላል፤ በኋላም መቃብሩ ላይ ይቀመጣል። ለሽማግሌ ነጭ ከጥቁር ነው። ለሕፃን ነጭ ብቻ። ሳያገባ ለሞተ ወጣት ጥቁር ሆኖ መሐል ለመሐል አንድ ቀይ ክር ይዞርበታል፤ ያ ቀይ ያልደረሰበት ሠርጉ ነው። አንድ ነገር ግን ነበራት። የሞተ ሰው ጉንጉን የምትሠራው ከበዓሉ በተረፈ ቁራጭ ክር ነበር።

"ዝናብ ለሚበላው ነገር ደህና ክር አላባክንም፤" ትላለች። ከፊቱ ሲያዩት ያምራል፤ ሲገለብጡት ግን ቋጠሮው፣ ቅጥያው፣ የማይገጥመው ቀለም ሁሉ እዚያ ነው የተደበቀው። አንዴ ይሄን ብነግራት ሳቀችብኝ።

"ከኋላ ማን ያየዋል?"

ደህናው ክር የሚመጣው ከአሰብ ነበር፤ አምጪውም ተድላ ነው። መጀመሪያ ረዳት፣ በኋላ ሾፌር ሆኖ በትልቅ የጭነት መኪና ወደብ ይመላለሳል። አመላለሱ እንዴት ነበር መሰላችሁ! ጥሩምባውን ከፉሪ ዳገት ጀምሮ ነው የሚነፋው፤ እሷም ነጠላዋን ሳታስተካክል ትሮጣለች። ከጋቢናው ሲወርድ ክሩን በአንገቱ ዙሪያ ጠምጥሞት ነው። የዚያን ዓመት ጾም ሲገባ ያመጣው ቀይና ነጭ ክር ግን እኔ በዕድሜዬ ያላየሁት ነው፤ ሲነኩት የጥጃ ጆሮ ነው የሚመስለው።

"ይሄን እንዳትሸጪው፤" አላት። "ለሠርጌ ነው።"

ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ ነበር። ሙሽሪት የፉሪው የኦቦ ባጫ ልጅ ደጊቱ ናት፤ ዝምተኛ፣ እጇ የማይቦዝን ልጅ። ወርቅውሃ በጾሙ ወራት የሠርጉን ጉንጉን በዚያ ክር ሠርታ ጨረሰች። ፊቱንም ጀርባውንም አንድ አድርጋ ነው የሠራችው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው፤ ለኔ እንኳ ያሳየችኝ እጄን አስታጥባ ነው።

ተድላ በሆሳዕና ዋዜማ ባቲ ቁልቁለት ላይ ከነመኪናው ተገለበጠ። ሙቀቱ ሬሳ የሚያስቆይ አይደለምና ኮምቦልቻ አድርሰው ቀበሩት። ረዳቱ ሀሰኖ ተርፎ መጣ። ወደ እናትየው አልሄደም፤ ለእናት እንዲህ ያለ ነገር በር አንኳኩቶ አይነገርም። የሄደው ወደ ዕድራችን ዳኛ ወደ አቶ ገብረየስ ነው።

አቶ ገብረየስ ከቅዳሴ መልስ ዘንባባችንን ጣታችን ላይ እንዳሰርን ጥቂቶቻችንን ቤታቸው ሰበሰቡን። ነገሩን ሰምተን እንባችንን በነጠላ አፍነን ስንጨርስ መናገር ጀመሩ። እሳቸው ሲናገሩ ሁልጊዜ ትክክል ናቸው፤ እኔን የሚያናድደኝም ያ ነው።

"ነገ ሕማማት ነው፤" አሉ። "በሕማማት ፍትሐት የለም፣ ለሙት አይጸለይም። ልጇን ያለ ጸሎት ልናስለቅሳት ነው?"

"ከፋሲካ ማግስትስ?" አልኩ።

"ስንት ቀን ጾማ፣ እህል ባፏ ሳይዞር? ትሞትብናለች። ደሞስ አጠገቧ ማን አለ? ወንድሞቿ ቡልጋ ናቸው። ዘመድ በሌለበት መርዶ ይነገራል?"

ይሄም ልክ ነው። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ክንድ ተዘጋጅቶ፣ በማለዳ የሚነገር ነገር ነው። ወንድሞቿ ደግሞ ለሠርጉ መምጣታቸው አይቀርም። እንግዲህ ያኔ ይሁን ተባለ፤ የሠርጉ ዋዜማ ቅዳሜ ማለዳ።

"ሰውን ለሠርግ ጠርታችሁ ልቅሶ ልታስቀምጡት ነው?" ብዬ ጮህኩ።

"ጠላውም ቢሆን ተጠምቋል፤" አለ አንድ ሰው ከጥግ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ አሁን በሕይወት የለም፣ ነፍሱን ይማር።

ሀሰኖን አስጠንተው ወደ ወርቅውሃ ላኩት። እኔም ተከትዬው ገባሁ። መርከብ ዘግይቶ ተድላ አሰብ እንደቆመ፣ ለሠርጉ ግን እንደሚደርስ ነገራት። ሲናገር የሚያየው ወለሉን ነው። እሷ ደግሞ የምታየው በጨርቅ የታሰረ እጁን ነበር።

"እጅህን ምን ሆንክ ልጄ?"

"በር ዘጋብኝ፣ እማማ።"

"ተድላም እንዲሁ ነው፣ ልባችሁ መንገድ ላይ ነው፤" አለችና ቅባት አምጥታ እጁን ፈትታ አሸችለት። ሀሰኖ አለቀሰ። ሕመሙ መስሏት "አይዞህ፣ አይዞህ" ትለው ነበር። እኔ ወጥቼ ጓሮ ሄድኩ።

ሕማማቱን እንደምንም አለፍነው፤ በዚያ ሳምንት ሰው ቢያዝንም አይገርምምና ፊታችንን የሚመረምር አልነበረም። ፋሲካ ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ። ወርቅውሃ አረንጓዴውን ጉንጉን በሯ ላይ ሰቀለች፤ አጠገቡም ለሠርጉ ጉንጉን ባዶ ምስማር መታች። በሯን ባለፍኩ ቁጥር ያ ምስማር ዐይኔ ውስጥ ይገባል። የሰፈሩ ሰው "እንኳን አደረሰሽ" ሊላት ይመጣና ቁራሽ ሳይቀምስ ሹልክ ይላል።

"ምነው ዘንድሮ ሰዉ ሁሉ ቸኮለ?" አለችኝ።

"ፋሲካ አይደል፣ ሆዱ ሞልቶ ነው፤" አልኳት። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ተቀምጬ ክር ይዤላት ነበር። እኔ ክሩን በሁለት እጄ ወጥሬ እይዛለሁ፣ እሷ ልቃቂት አድርጋ ትጠቀልለዋለች። ኦቦ ቦጂያ ብቅ አሉ። ኦቦ ቦጂያ የዕድራችን ለፋፊ ናቸው፤ ጥሩምባ የሚነፉት፣ ድንኳን የሚያስወጡት፣ ወንበር የሚያሰበስቡት እሳቸው ናቸው። ቅንነታቸው ለሦስት ሰው ይበቃል። የዚያን ዕለት አቶ ገብረየስ "ለቅዳሜ ዕቃው ሁሉ እንደተለመደው ይዘጋጅ" ብለዋቸው ነበር። እንደተለመደው ማለት ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ጉንጉኑ ነው። እግራቸው የለመደውን መንገድ ይዞ ሄደ፤ ጭንቅላታቸው የደረሰው በሩ ላይ ከቆሙ በኋላ ነው።

"አካም ኦልቴ፣ ወርቅውሃ?" አሉ በኦሮምኛ ሰላምታ።

"ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ ኦቦ ቦጂያ። ይግቡ እንጂ። በሰላም ነው?"

"ጉንጉን ነበር። ለድንኳን፣ ለቅዳሜ…" አሉና ፊቴን አዩ። ከዚያ ፊቷን አዩ። በትራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"እኔን! ማን ሞተ?"

ኦቦ ቦጂያ ጎንበስ ብለው በትራቸውን ፈለጉ። በትሩ እግራቸው ሥር ነው፤ እሳቸው ግን ብዙ ፈለጉት።

"የሱሉልታ ሰው ነው፤" አሉ ቀና ሲሉ። "አታውቂውም።"

"የሱሉልታ ሰው ከኛ ዕድር ምን አገናኘው?"

"ዘመድ አለው… እዚህ።"

"ሽማግሌ ነው?"

"ልጅ ነው። ጎልማሳ።"

"አግብቷል?" ይህን የምትጠይቀው ለክሩ ቀለም ነው፤ ሁሌም የምትጠይቀው ነገር ነው። ኦቦ ቦጂያ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"አላገባም። ሊያገባ ነበር።"

ወርቅውሃ ልቃቂቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "እናት አለችው?"

"አለች።"

"ወይኔ! እሷን ምን ይዋጣት? ጽናቱን ይስጣት፤" አለችና አማተበች። "የኔንም በሰላም ከመንገድ ያግባልኝ።"

"አሜን" ማለት ነበረብን። ኦቦ ቦጂያ እንደምንም አሉት፤ እኔ ግን እጄ ላይ ያለውን ክር ማስተካከል ያዝኩ።

"ወርቄ፣" አልኳት፣ "የሠርግ ሥራ በዝቶብሻል። አንድ ጊዜ ያለ ጉንጉን ቢተከል ምናለበት?"

ዞር ብላ አየችኝ፤ ነውር የተናገርኩ ያህል ነው ያየችኝ። "ለሞተ ሰው እምቢ ይባላል? ነግ በኔ ነው ውብአየሁ።"

እዚያው ቁጭ ብላ ጀመረችው። ጥቁሩ አልበቃትም፤ ያረጀ ሹራብ ተርትራ ያስቀመጠችው ቡናማ ነበርና ጀርባውን በሱ ሞላችው። ለመሐሉ ቀይ ክር ፈለገች። ሣጥኗን ከፍታ ከሠርጉ የተረፈውን የአሰብ ቀይ አወጣች፣ ጫፉን በጣቷ ዳበሰች፣ መልሳ አስገባችው።

"ይሄ የልጄ ነው፤" አለች፣ እኔ ምንም ሳልላት። ከገና የተረፈ፣ ፀሐይ የመጠጠው ቀይ አግኝታ እሱን አዞረችበት። እዚያም እዚያም ተቋጥሮ ነው የደረሰላት። ሳይመሽ ጨረሰች። "የሱሉልታው እናት ይቅር ትበለኝ፣ አጣድፌዋለሁ። እንግዲህ ከኋላ ማን ያየዋል?"

እኔ ነኝ ጉንጉኑን ለኦቦ ቦጂያ ያደረስኩት። "እንዳይታይ!" አልኳቸው፣ "ያቃጥሉት፣ ይጣሉት፣ ብቻ ቅዳሜ እንዳይታይ!" ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ ያለቅሱ ነበር። "ዋቃዮ፣ አምላኬ! ይሄን እግር ምነው በሰበረው" ይላሉ፣ ጭናቸውን እየመቱ። የእናት እጅ የሠራውን ለማቃጠል አልደፈሩም። ወስደው ዕድሩ ዕቃ ቤት፣ ከድንኳኑ ሸራ ሥር ሸሸጉት። እሳቸው እንደሆኑ ከዚያ የተሻለ መደበቂያ አያውቁም።

ወንድሞቿ ዓርብ ማታ ከቡልጋ ገቡ። አቶ ገብረየስ መንገድ ላይ ጠብቀው ነግረዋቸዋል። እግራቸውን አጠበቻቸው፣ እራት አቀረበች፤ እነሱ ጉርሻውን አፋቸው ውስጥ ያንከራትታሉ። "መንገዱ አድክሟችኋል፣" ብላ አዘነችላቸው፤ "እኔኮ ተድላ በመኪናው ሄዶ ያመጣችኋል ብዬ ነበር።"

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተሰበሰብን። ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለብሰናል። ወጣቶቹ ከበስተጀርባችን ድንኳኑን ድምፅ ሳያሰሙ ይተክላሉ። አቶ ገብረየስ በሩን ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሡ፤ ሳይነኩት ከውስጥ ተከፈተ።

"ተድላ ነህ?"

ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ እስክሞት አልረሳውም። ኮቴያችንን ሰምታ ነው የሮጠችው። አየችን። የነጠላዎቻችንን አለባበስ አየች። አቶ ገብረየስ ከደጃፉ ወደ ጎን ገለል አሉ። ታላቅ ወንድሟ ከኋላዋ ትከሻዋን ያዘና፣ "እታለም፣ ተድላ የለም፤" አላት።

ጩኸቷን አልጽፈውም። ወንድሞቿ ግራና ቀኝ ደግፈው ወደ ድንኳኑ ይዘዋት ወጡ፤ እሷ ደረቷን እየደቃች፣ እኛ እየተከተልን። ድንኳኑ ደጃፍ ስትደርስ በድንገት ቆመች። ጩኸቷም ቆመ።

ከፊተኛው ምሰሶ ላይ ጉንጉኑ ተሰቅሏል። ወጣቶቹ ሸራውን ሲያወጡ ከሥሩ አገኙትና እንደ ወትሮው ሰቀሉት። የሚያውቁት ነገር የለም፤ ድንኳን ያለ ጉንጉን ተተክሎ አያውቅም።

"አውርዱልኝ፤" አለች።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ራሷ ከወንድሞቿ እጅ ወጥታ፣ በእግሯ ጣት ተንጠራርታ አወረደችው። ገለበጠችው። ቡናማው፣ ቅጥያው፣ እዚያም እዚያም የተቋጠረው የደበዘዘ ቀይ፤ ሁሉም ነበር። በአውራ ጣቷ አንድ ባንድ ነካካችው።

"ይሄ የሱሉልታው ነው፤" አለች።

ኦቦ ቦጂያ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እሷ የምታየው እኔን ነው።

"ውብአየሁ፣ የሱሉልታው ልጅስ?"

"የለም፣ ወርቄ። የሱሉልታ ሰው የለም።"

"ተድላ ነው?"

"ተድላ ነው።"

ጉንጉኑን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። እንደገና ትጮኻለች ብለን ለመያዝ ተጠጋን። አልጮኸችም። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የተለመደው የቤት ድምፅዋ ነበር።

"ምነው ብትነግሩኝ፤" አለች። "በደህናው ክር እሠራው ነበር።"

ያን ጊዜ የፈለግሁት መሬቱ እንዲከፈት ነው። አቶ ገብረየስ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ደግሞ አወለቁ። ማንም ሊያያት አልቻለም።

ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ያንን ነጭ ጥቅል ይዛለች። ድንኳኑ መሐል መሬት ላይ ተቀመጠች፣ የሠርጉን ጉንጉን ከጨርቁ አወጣችና ጫፉን ፈልጋ መተርተር ጀመረች። አበባዎቹ አንድ ባንድ እየተፈቱ ክር ሆኑ። ከፉሪ፣ ከመናገሻ መንገድ ለቀስተኛው መድረስ ጀምሯል፤ እያለቀሰ ይመጣና ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል።

"ኧረ ወርቅውሃ፣" አሉ አቶ ገብረየስ ቀስ ብለው፣ "ሰው ቆሟል…"

"ይጠብቅ፤" አለች ቀና ሳትል። "እኔም ስጠብቅ ነበር።"

ደጊቱ ከአባቷ ከኦቦ ባጫ ጋር የደረሰችው ያኔ ነው። እሷም ለሁለት ሳምንት ማልቀስ ተከልክላ ፊቷ አብጧል። ለቀስተኛውን ሰንጥቃ መጣችና ፊት ለፊቷ በርከክ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

"ሃርሜ፣ እናቴ፣ እኔ ልያዝልዎ።"

ወርቅውሃ አየቻት። የተተረተረውን ቀይ ክር በልጅቱ እጆች ላይ ማዞር ጀመረች። ደጊቱ በነጋታው ሙሽራ የምትሆንበትን ክር ወጥራ ያዘች፤ እንባዋ ክሩ ላይ ሲንጠባጠብ መጥረጊያ እጅ አልነበራትም።

ከዚያ ወርቅውሃ የ"ሱሉልታውን" ጉንጉን አንሥታ ቡናማውንና ቁራጩን ሁሉ እስከ ስንደዶው ገፈፈችው፣ በአዲስ መጠምጠም ያዘች። ከሴቶቹ አንዷ፣ "ጥቁር ክር ከቤቴ ላምጣልሽ?" አለቻት።

"ተድላ ጥቁር ክር አላመጣልኝም፤" አለች።

በነጩና በቀዩ ሠራችው። ፀሐይ ወጣች፣ ድንኳኑ ሞላ፣ ውጭም ሞላ፤ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ የአንዲት ሴት እጅ ሲያይ ቆየ። ስትፈጥን አላየናትም። ፊቱን ጨርሳ ገለበጠችውና ጀርባውን ከፊቱ ይልቅ አጥብቃ ጠመጠመችው። የመጨረሻውን ጫፍ በጥርሷ በጠሰች። ከዚያ ኦቦ ቦጂያን ጠርታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። እሳቸው ምሰሶው ላይ ሰቀሉት።

ቀጥ ብሎ መሰቀሉን አየች። ማልቀስ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።